ከቬኒስ መልስ፤ የሽማግሌው ሠዓሊ አዲስ ስቱዲዮ

ሰው በ74 ዓመቱ አዲስ የሥራ ቤት ያሠራል? ያውም ሚስቱን ቀብሮ፣ የበኩር ልጁን ቀብሮ፣ ዓይኑን ሞራ እየጋረደው፣ አገሩ በጦርነት እየነደደች? በእኛ ሠፈር እንዲህ ያለ ሽማግሌ ቢገኝ ጎረቤት ተሰብስቦ ምከሩት፣ ይረፍ እንጂ ማለቱ አይቀርም ነበር። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ክሎድ ሞኔ ግን አደረገው። በ1915 ክረምቱ ሳይገባ ግንበኞች ጠርቶ፣ ግቢው ጥግ ላይ መጋዘን የሚያህል ስቱዲዮ አስቆመ። ያዘዘው ሰው አልነበረም። ለሚሠራው ሥራም ገና ገዢ አልነበረውም።

ስለ ሞኔ ብዙ ተጽፏል፤ አብዛኛው ስለ አበቦቹ ነው። እኔን ግን ሁሌም የሚይዘኝ ሌላ ነገር ነው። ከሚስቱ ጋር ለዕረፍት ሄዶ በተመለሰበት ቀንና ያንን ስቱዲዮ ባሠራበት ዓመት መካከል ሰባት ዓመታት አሉ። ሰውየውን ለማወቅ እነዚያን ሰባት ዓመታት ማየት ይበቃል ብዬ አምናለሁ። ዛሬ የማወጋችሁም ስለ እነሱ ነው። ዘመኑን ሁሉ የጻፍኩት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ልብ በሉልኝ።

በመጀመሪያ ግን ከሥሩ እንነሣ። ሞኔ በ1840 ፓሪስ ውስጥ ተወለደ፤ ያደገው በወደብ ከተማዋ በለ ሃቭር ነው። በልጅነቱ የከተማዋን ሰዎች አፍንጫቸውን እያስረዘመ፣ ጭንቅላታቸውን እያገዘፈ እየሣለ ይሸጥ ነበር። ኤዥን ቡዳን የሚባል የባሕርና የሰማይ ሠዓሊ ይህን ጎረምሳ አገኘውና ሸራውን ተሸክሞ ከቤት እንዲወጣ አደረገው። በዚያ ዘመን አብዛኛው ሠዓሊ ሜዳ ወርዶ በትንሹ ይነድፍና ትልቁን ሥዕል ቤቱ ገብቶ ይጨርስ ነበር። ሞኔ ከቡዳን የተማረው ፀሐዩና ነፋሱ ባለበት፣ እዚያው ቆሞ መሣልን ነው።

ከዚያ በኋላ ይህ ነገር እምነት ሆነበት። በአርዣንተይ ሲኖር አንዲት ትንሽ ጀልባ ገዝቶ ጎጆ መሰል ክፍል ሠራላትና በሴን ወንዝ ላይ እየተንሳፈፈ ይሥል ጀመር። በ1880 አንድ ጋዜጠኛ ስቱዲዮውን እንዲያሳየው ቢጠይቀው፣ ኖሮትም እንደማያውቅ ነግሮ በእጁ ወደ ወንዙና ወደ ሜዳው አመለከተው። ደስ የሚል መልስ ነው። ሙሉ እውነት ግን አልነበረም። ሞኔ ውጭ የጀመራቸውን ሸራዎች ቤት አስገብቶ ሲነካካ፣ ሲያርም መክረሙ የታወቀ ነው። ይሁንና ይህን ማውራት አይወድም ነበር። ስሙ የተሠራው በውጭ ሠዓሊነቱ ነዋ!

ስሙም በቀላሉ አልመጣም። በ1874 ከጓደኞቹ ጋር ባቀረቡት ዐውደ ርእይ ላይ የለ ሃቭር ወደብ በጭጋግ ውስጥ ሲነጋ የሚያሳይ ሥዕል አቅርቦ ነበር። አንድ ሐያሲ ከሥዕሉ ስም ላይ ቃል ወስዶ ቡድኑን ሁሉ ተሳለቀበት። ኢምፕሬሽኒዝም የሚለው ስም ከዚያ ስላቅ ተነሥቶ ቀረ። ስላቁ ስም ሆነ እንጂ እንጀራ አልሆነም። ሞኔ ለዓመታት የቤት ኪራይ እያጣ፣ ከወዳጆቹ እየተበደረ ኖረ። በ1879 ሚስቱ ካሚል ሁለት ወንዶች ልጆች ትታበት አረፈች። በዚያን ጊዜ ደግሞ ሥዕሎቹን ይገዛለት የነበረው ነጋዴ ኧርነስት ኦሽዴ ከስሮ፣ ሚስቱ አሊስና ስድስት ልጆቿ ከሞኔ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ይኖሩ ነበር። ካሚልን እስከ መጨረሻዋ ያስታመመቻት አሊስ ናት። ከዚያም ስምንቱን ልጆች አንድ ላይ አሳደገቻቸው። ኦሽዴ ከሞተ በኋላ፣ በ1892፣ ሞኔና አሊስ ተጋቡ።

በ1883 ሚያዝያ ማለቂያ ላይ ይህ አሥር ነፍስ ያለው ቤተሰብ ከፓሪስ ወደ 75 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቀው ዢቨርኒ በምትባል መንደር ቤት ተከራየ። ሞኔ ዕቃውን ገና ሳይፈታ ወዳጁ ሠዓሊው ኤዷር ማኔ መሞቱን ሰማና ለቀብር ወደ ፓሪስ ተመለሰ። ቤቱ ሮዝ ቀለም የተቀባ፣ ረዘም ያለ የገበሬ ቤት ነበር። ጫፉ ላይ ያለውን ጎተራ ወለል አንጥፎ፣ መስኮት አስፍቶ የመጀመሪያ የሥራ ክፍሉ አደረገው። ሥዕሎቹ እየተሸጡ ሲመጡ በ1890 ቤቱን ከነግቢው ገዛው። በ1893 ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ያለውን መሬት ጨምሮ ገዛና ከወንዙ ቅርንጫፍ ውኃ ጠልፎ ኩሬ ለመሥራት ፈቃድ ጠየቀ።

ታዲያ ምን ሆነ መሰላችሁ? የመንደሩ ሰዎች ተቃወሙ። ይህ ባዕድ ሰው የሚያመጣቸው የማናውቃቸው አበቦች ውኃውን ይበክሉብናል፤ ከብቶቻችን የሚጠጡት፣ ልብስ የምናጥበው ከዚሁ ነው አሉ። ሞኔ ተቆጣ፤ ለአውራጃው አስተዳዳሪ ደብዳቤ ጻፈ፤ በመጨረሻ ተፈቀደለት። ዛሬ ከዓለም ዙሪያ ሰው የሚጎርፍለት ኩሬ የተጀመረው በጎረቤት አቤቱታ ነው። በ1899 ገደማ ሁለተኛ ስቱዲዮ አሠራ። አትክልተኞች ቀጠረ፤ ከእነሱ አንዱ በየማለዳው በጀልባ ሆኖ በውኃው ላይ የሚንሳፈፉትን አበቦች ያጸዳ ነበር። እንግዲህ ውጭውን ራሱን ግቢው ውስጥ አስገባው ማለት ነው።

አሁን ወደ 1908 እንምጣ። ሞኔ 67 ዓመቱ ነው፤ ሀብታም ነው፤ ዝነኛ ነው። ለዓመታት ግን ያንኑ ኩሬ እየሣለ፣ እየጠላው፣ እንደገና እየሣለ ነበር። በፓሪስ ሊታይ ተዘጋጅቶ የነበረውን ዐውደ ርእይ አሰረዘና በዚያ ጸደይ ቢያንስ 15 ሸራዎችን በቢላና በብሩሽ አበላሻቸው። ጋዜጦች ጻፉት። እዚያ ላይ ያለውን ገንዘብ አስቡት! አሊስ ባሏን ታውቀዋለች። ከዚህ ኩሬ ካልራቀ ይህ ሰው ራሱን ይበላል። በዚህ መሀል አንዲት እንግሊዛዊት ወዳጅ ቬኒስ መጥታችሁ ዕረፉ ብላ ጋበዘቻቸው። ሞኔ አንገራገረ፤ አሊስ አሸነፈች።

በጥቅምት 1 ቀን ቬኒስ ደረሱ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሞኔ ከተማዋ ከመጠን በላይ የተዋበች ናት፣ ልትሣል አትችልም እያለ ተነጫነጨ። ደግሞስ ስንቱ ሥሏታል! ለጥቂት ቀናት እንደ ማንኛውም ጎብኚ ዞሩ፤ በቅዱስ ማርቆስ አደባባይ ሁለቱ ሽማግሎች እርግቦች ዙሪያቸውን ከበዋቸው የተነሡት ፎቶግራፍ ዛሬም አለ። ከዚያ ሸራው ተወጠረ። ጠዋት አንድ ቦታ፣ ረፋድ ሌላ፣ ከሰዓት ሌላ፤ በየቀኑ በዚያው ሰዓት እዚያው ቦታ። አመሻሹ ላይ ብቻ ከአሊስ ጋር በጎንዶላ ይንሸራሸራሉ። ዕረፍት መሆኑ ቀረ፤ አሊስ ግን አልከፋትም። ለልጇ በየዕለቱ በምትልከው ደብዳቤ የባሏን ፊት መፍታት ደስ እያላት ትጽፍ ነበር።

ብርዱ ሲበረታ፣ በታኅሣሥ 7፣ ቬኒስን ለቀቁ። ሞኔ 37 የተጀመሩ ሸራዎች ይዟል። አልቀዋል የሚላቸው ጥቂት እንኳን አልነበሩም። ምንም አይደለም፤ ለከርሞ እንመለሳለን፣ እዚያው እጨርሳቸዋለሁ አለ።

ለከርሞ! ይህቺን ቃል የማያውቅ ማን አለ?

ዢቨርኒ ሲመለስ የዕረፍቱ ጥቅም ታየ። የጠላቸውን የኩሬ ሥዕሎች በአዲስ ዓይን አያቸው። በ1909 የፀደይ ወራት 48ቱን በፓሪስ አሳየና ሰው ሁሉ አደነቀ። የቬኒስ ሸራዎች ግን ከርሞን እየጠበቁ ተቀመጡ። በ1909 አልሄዱም። በ1910 መጀመሪያ የሴን ወንዝ ሞልቶ ግቢውን አጥለቀለቀው፤ ኩሬው የት እንዳለ እንኳ አልታይ አለ። በዚያው ዓመት አሊስ ታመመች፤ የደም ካንሰር ነበር። ግንቦት 19 ቀን 1911 አረፈች። ቬኒስ አብረው የተጓዙባት የመጨረሻዋ ረጅም መንገድ ሆና ቀረች።

ከዚህ በኋላ ያደረገውን ነው እኔ ደግሜ ደጋግሜ የማስበው። ቀብሩ ካለፈ ከጥቂት ወራት በኋላ ሞኔ የቬኒስን ሸራዎች አወጣቸው። ቬኒስ ተመልሶ አልሄደም፤ አሊስ ሳትኖር ምን ሊያደርግ? ውኃው፣ ግንቡ፣ ያ የማለዳ ጭጋግ ከፊቱ የለም። ያለው ትዝታ ብቻ ነው። ዕድሜውን ሁሉ ከፊቴ የሌለውን አልሥልም ሲል የኖረ ሰው፣ አሁን በዝግ ቤት ውስጥ ተቀምጦ የሌለ ከተማ ይሥላል። በ1912 ከእነዚህ 29ኙ ፓሪስ ውስጥ ታዩ። ሰው ወደዳቸው፤ እሱ ግን አልረካም፤ ተፈጥሮ ከፊት ሳትኖር እየነካካኋቸው አበላሸኋቸው እያለ ተማረረ።

እኔ በዚህ ከሞኔ ጋር አልስማማም። እንደ እኔ ግምት ሽማግሌው ያኔ ሳያውቀው አዲስ ነገር ተማረ። ዓይን ያየውን ልብ ከያዘው፣ እጅ በሌላ ቤት፣ በሌላ ዓመት ሊሠራው እንደሚችል ተማረ። ይህ ትምህርት ባይኖር የ1915ቱ ስቱዲዮ ባልተሠራም ነበር። ተፈጥሮን ትቶ በአራት ግድግዳ መሀል ምን ሊሠራ?

ግን ገና ነው፤ መከራው አላለቀም። በዚያው በ1912 ሐኪሞች ሁለቱም ዓይኖቹ ሞራ እንዳለባቸው ነገሩት። በየካቲት 1914 የበኩር ልጁ ዣን ሞተ። የዣን ሚስት ብላንሽ የአሊስ ልጅ ናት፤ ሞኔ በቤቱ ያሳደጋት። ባሏን ከቀበረች በኋላ ብቻውን የቀረውን አባቷን ልትጠብቅ ዢቨርኒ ገባች። ሞኔ አሊስ ከሞተች ጀምሮ ብሩሽ ማንሣቱ እየቀነሰ፣ አንዳንዴም ጨርሶ እየተወው ነበር።

የፈረንሳይ ፖለቲከኛ ጆርጅ ክሌማንሶ የቀድሞ ወዳጁ ነው፤ በሙያው ሐኪም። ተነሥና ሥራ እያለ ይጎተጉተው ያዘ። በ1914 ፀደይ ሞኔ ምድር ቤት ወርዶ ከብዙ ዓመት በፊት የጀመራቸውን የኩሬ ሸራዎች አገኘ። ድሮ አስቦት የነበረ ነገር ነው፤ አንድን ክፍል ዙሪያውን በውኃና በአበባ ሥዕል መክበብ፤ ሰው መሀሉ ላይ ሲቆም ኩሬ ውስጥ የቆመ እንዲመስለው። ጀመረ። ነሐሴ ላይ ጦርነቱ ፈነዳ።

ጀርመኖች ወደ ፓሪስ ሲጠጉ ብዙ ሰው ከአካባቢው ሸሸ። ሞኔ ከሸራዎቹ አጠገብ አልንቀሳቀስም አለ። ልጁ ሚሼልና የእንጀራ ልጁ ዣን ፒዬር ዘመቱ። ብዙ ሰው እየተሠቃየና እየሞተ ባለበት ጊዜ ስለ ቅርጽና ስለ ቀለም መጨነቅ እንደሚያሳፍረው ለወዳጁ ጽፏል። ያም ሆኖ አላቆመም። ይህ ትክክል ነበር ወይ? ጦርነት ባለበት አገር አበባ መሣል ነውር ነው የሚሉ አሉ፤ አልፈርድባቸውም። ግን አስቡት፤ ያ ሽማግሌ ብሩሹን ቢሰቅል ከጦር ሜዳ የሚመለስ አንድ ወታደር አይጨምርም ነበር። ጦርነቱ ሲያልቅ ለቀሩት ሰዎች የሚተርፈው ነገር ግን አንድ ይቀንስ ነበር።

ሸራዎቹ እያንዳንዳቸው ቁመታቸው 2 ሜትር፣ ወርዳቸው ከ4 ሜትር በላይ ሆነ። ሁለቱም የቀድሞ ስቱዲዮዎች አልበቁም። በ1915 የተጀመረው አዲሱ ስቱዲዮ 23 ሜትር ገደማ ርዝመት፣ 12 ሜትር ገደማ ስፋት ነበረው፤ ብርሃን ከላይ በመስታወት ጣሪያ ይገባል፤ ፀሐዩን ለማለዘብ ከሥሩ መጋረጃ ተዘርግቷል። የሸራ ማቆሚያዎቹ ጎማ አላቸው፤ ሽማግሌው እየገፋ ሸራዎቹን ያሰልፋቸዋል፣ ያቀያይራቸዋል። ከውጭ ሲታይ ግን ሕንፃው አስቀያሚ ነበር። መንደሯን የሚያበላሽ ግንባታ እያለ ሌላውን ሲወቅስ የኖረው ሞኔ፣ ራሱ እንዲህ ያለ ነገር በማቆሙ ማፈሩን ለዣን ፒዬር ጻፈለት። ስቱዲዮ የለኝም ብሎ በእጁ ወደ ወንዙ ያመለከተው ሰው ነው እንግዲህ ይህ።

በበጋ ኩሬው ዳር ጥላ ተክሎ ያጠናል፤ ከዚያ አዲሱ ቤት ገብቶ በትልቁ ይሥላል። የሚሥለው ያየውን ነው፤ ግን ያየው ቅድም ነው፣ ትናንት ነው፣ አምና ነው። ቬኒስን የጨረሰበት መንገድ ይህ አልነበረም ትላላችሁ?

የጦር ማቆም ስምምነት በተፈረመ ማግስት፣ ኅዳር 12 ቀን 1918፣ ሞኔ ያን ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር ለነበረው ለክሌማንሶ ጻፈ፤ ለድሉ መታሰቢያ ሁለት ሥዕሎች ለመንግሥት ልስጥ አለ። ሁለቱ እየበዙ ሄዱ። በ1922 ውል ተፈረመ፤ ሥዕሎቹም ፓሪስ በሚገኘው ኦራንዠሪ ውስጥ በሁለት ሞላላ ክፍሎች እንዲቀመጡ ተወሰነ። ዓይኑ ግን ከዳው። ቀለሞቹ ጭቃ መሰሉት፤ የትኛው ቱቦ ምን እንደሆነ በጽሑፉና በተቀመጠበት ቦታ እየለየ ይሠራ ነበር። በ1923 መጀመሪያ ዶክተር ሻርል ኩቴላ ቀኝ ዓይኑን ቀዶ ሕክምና አደረገለት። ከዚያ በኋላ አንዴ ሁሉ ነገር ቢጫ፣ አንዴ ሁሉ ነገር ሰማያዊ እየሆነበት ተሠቃየ። ግራ ዓይኑን አላስነካም አለ። ሸራ ቀደደ፤ አቃጠለ፤ ውሉን አፍርሱልኝ አለ። ክሌማንሶ ተቆጣው፤ ለአገር የገባኸውን ቃል አታፈርስም አለው። ሞኔ ወደ ስቱዲዮው ተመለሰ።

እዚህ ላይ ሳትነሣ ማለፍ የሌለባት ሰው አለች፤ ብላንሽ። እሷ ራሷ ሠዓሊ ነበረች። በልጅነቷ ከሞኔ ጎን ቆማ እየሣለች ያደገች፣ ሥራዋን ለዐውደ ርእይ ያቀረበች። ዢቨርኒ ከገባች በኋላ ለ12 ዓመታት የራሷን ብሩሽ ከሞላ ጎደል ሰቀለችው። ሸራ ተሸከመች፤ እንግዳ ተቀበለች፤ በዓይኑ ምክንያት ምድርና ሰማዩን የሚረግመውን ሽማግሌ አስታመመች። እሱ ከሞተ በኋላ ነው በደንብ ወደ ሥዕሏ የተመለሰችው። ስለ ትልልቅ ሥራዎች ስናወራ የሠሪውን ስም እናነሣለን፤ ቤቱን የያዘውን ሰው ግን እንረሳለን። ያ አዲስ ስቱዲዮ የቆመው በግንብ ብቻ አልነበረም።

ሞኔ ሥዕሎቹን በሕይወቱ ሳለ አላስረከበም። ገና ነው፣ ትንሽ ይቀራል እያለ ታኅሣሥ 5 ቀን 1926 በ86 ዓመቱ አረፈ። በቀብሩ ላይ ክሌማንሶ የሬሣ ሣጥኑ ላይ የተደረበውን ጥቁር ጨርቅ አንሥቶ፣ ለሞኔ ጥቁር አይሆንም ብሎ በአበባማ ጨርቅ እንደተካው ይተረካል። ሥዕሎቹ ከስቱዲዮው ወጥተው ኦራንዠሪ ግድግዳ ላይ ተለጠፉና በግንቦት 1927 ለሕዝብ ተከፈቱ። 22 ሸራዎች፣ 8 ትልልቅ ሥዕሎች ሆነው፣ ቁመታቸው 2 ሜትር፣ ርዝመታቸው ቢደመር 90 ሜትር ገደማ። መጀመሪያ ላይ ብዙም ሰው አልመጣም። ዘመኑ ወደ ሌላ ዓይነት ሥዕል ሄዶ ነበር። ዢቨርኒ ስቱዲዮ ውስጥ የቀሩትም ትልልቅ ሸራዎች ለዓመታት የሚጠይቃቸው አጥተው ከረሙ። ዓለም ዞሮ የተመለሰላቸው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው።

ሚሼል በ1966 በመኪና አደጋ ሲሞት ቤቱን ለፈረንሳይ የሥነ ጥበብ አካዳሚ ተናዞ ነበር። ግቢው ታድሶ በ1980 ለጎብኚ ተከፈተ። ያ ትልቁ ስቱዲዮ ዛሬ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? የስጦታ ዕቃ መሸጫ። ሸራ ይሰለፍበት የነበረው አዳራሽ ውስጥ አሁን ሲኒ፣ ሻርፕና ፖስት ካርድ ይሸጥበታል። አንዳንዱ ይህን ሲሰማ ይከፋዋል። እኔ አልከፋኝም። ሕንፃውን ሞኔም አልወደደውም፤ ያሠራው እንዲታይ ሳይሆን ሥራ እንዲወጣበት ነው፤ ሥራው ደግሞ ወጥቷል።

ለከርሞ ብሎ ያሳደራትን ቬኒስ አሊስ በሌለችበት ቤት ውስጥ ጨረሳት። በ74 ዓመቱ ግን ለከርሞ አላለም። ግንበኛ ጠራ።